ሲቲ ስካኑ ይቆየን

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ትናንት «ለራስ ምታቴ ሲቲ ስካን ልነሳ ነው» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። ብርሽን ያዢ። መጀመሪያ ሐኪም በደንብ ያናግርሽ። የራስ ምታት ምርመራ ዋናው ነገር ጥያቄና መልስ ነው። በየትኛው ጎን ነው? ስንት ሰዓት ይቆያል? ያቅለሸልሻል ወይ? ከዚያ ግፊትሽን ይለካል፤ ዓይንሽን፣ የእጅና የእግርሽን ጉልበት ያያል። እሱ ደህና ከሆነና የሕመሙ ዓይነት ከታወቀ፣ ብዙ ጊዜ ስካን አያስፈልግም።

እንደነገርሽኝ ከሆነ ማይግሬን ይመስለኛል። ባንድ ጎን ድው ድው የሚል፣ ብርሃንና ጩኸት የሚያስጠላ፣ ደረጃ ስትወጪ የሚብስ፣ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ። ጓደኞችሽ «ሳይነስ ነው» ቢሉሽ አትስሚያቸው። ሳይነስ የሚባለው ብዙው ማይግሬን ሆኖ ይገኛል።

እኔን ያሳሰበኝ ከቦርሳሽ የማይጠፋው ማስታገሻ ነው። ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት ከተዋጠ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ኮዴይን የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ያለበት ከሆነማ በወር 10 ቀንም ይበቃዋል። ታሞ መነሳት፣ መዋጥ፣ ትንሽ ማረፍ፣ ነገም እንደዚያው። ይሄ ዙር የሚሰበረው ማስታገሻውን በሐኪም ምክር በማቆም ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ አልዋሽሽም። ቡናውንም አስቢበት፤ የለመደ ሰው ሲያቋርጥ በማግስቱ ራሱን ያመዋል። ሁዳዴ ሲገባ አክስትሽን አይተሻት የለ?

ሕመሙ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ከሆነ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ አለ። ፕሮፕራኖሎል አንዱ ነው፤ አንቺ ግን አስም እንዳለብሽ ለሐኪሙ ሳትነግሪው እንዳትወጪ! ለአስም አይሆንም። አሚትሪፕቲሊንም አለ። የሴት አያትሽ ዳማከሴ ሽታው ደስ ይላል፣ ከዚያ ያለፈ ግን አልጠብቅበትም።

በድንገት መጥቶ በደቂቃ ውስጥ የሚበረታ፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ያለው፣ ወይም እጅ የሚያዝልና ምላስ የሚያሳስር ራስ ምታት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

እስከ ቀጠሮሽ ድረስ የታመምሽበትን ቀን፣ የዋጥሽውን መድኃኒትና እንቅልፍሽን ጻፊ። የወር አበባሽንም ምልክት አድርጊ፤ ብዙ ሴቶችን በዚያ ሰሞን ነው የሚነሳባቸው። እሁድ ስደውል ታነቢልኛለሽ።

እናትሽ