የአንበሳው ሃይንሪሽ ታሪክ ያለ ቤተሰቡ አይሟላም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የጀርመን ግዛቶች የነበሩት የሳክሶኒና የባቫሪያ መስፍን ስለነበረው ስለ አንበሳው ሃይንሪሽ ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1180 ከአክስቱ ልጅ ከጀርመኑ (የቅድስት ሮማ ግዛት) ንጉሠ ነገሥት ከፍሬድሪክ ባርባሮሳ ጋር ተጣልቶ (ጠቡ የቤተ ዘመድም ነበር) ግዛቱን በመነጠቁ መደምደሙ ተገቢ አይመስለኝም። መስፍኑ በስደት የተጠለለው በ1168 ባገባት በማቲልዳ አባት፣ በእንግሊዙ ንጉሥ በዳግማዊ ሄንሪ ዘንድ ስለነበር፣ ጋብቻው ሳይነሳ ስደቱን መረዳት አይቻልም። ልጃቸው ኦቶ በ1209 የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ቢጭንም፣ የቤቱን ዘር ያስቀጠለው ብዙም የማይወሳው ታናሹ ዊልሄልም ነው፤ በ1714 የብሪታንያን ዙፋን የወረሰው ቀዳማዊ ጆርጅ የሚወለደው ከዚሁ ሐረግ ነው። ስለዚህ በቀጣዩ እትም መስፍኑ ከማቲልዳም ሆነ ከእርሷ በፊት ከነበረችው ሚስቱ የወለዳቸውን ልጆች የሚያሳይ የዘር ሐረግ ሰንጠረዥ ከነዓመተ ምሕረቱ እንድታትሙ እጠይቃለሁ።