የሚፈተነው መጠጡ ነው ወይስ እንግሊዝኛው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጠጥቶ ለሚነዳ ሰው ጥብቅና ልቆም እንዳልሆነ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። እዚሁ ሞንጎምሪ ካውንቲ ውስጥ፣ በዲሴምበር 2015፣ ኖዋ ሊዮታ የተባለ የ24 ዓመት ፖሊስ ጠጥተው የሚነዱትን ለመያዝ ሮክቪል ፓይክ ላይ ተሰማርቶ ሳለ የጠጣ ሹፌር ገጭቶት ሞቷል። በስሙ የወጣው የሜሪላንድ ሕግ በ2016 ሥራ ላይ ሲውል ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ማታ ማታ ታክሲ የነዳ ሰው፣ ቅዳሜ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጆርጂያ አቬኑ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

የኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ፖሊስ መኪና አስቁሞ «ይሄ ሰውዬ ጠጥቷል» ብሎ እስኪወስን ድረስ የሚያደርገው ምርመራ፣ እንግሊዝኛ እንደ ልቡ ለማይሰማ ሰው አደገኛ ነው። አደጋው ያለው ደግሞ ብዙ ሰው በማይጠረጥረው ቦታ ነው። ትንፋሽ መለኪያው ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ መንገድ ዳር ላይ።

መደበኛ የሚባሉት የመንገድ ዳር ፈተናዎች ሦስት ናቸው። የፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ1970ዎቹ ጀምሮ አስጠንቶ ለፖሊሶች ያሰለጠናቸው ናቸው። በመጀመሪያው ፖሊሱ እስክሪብቶ ወይም ጣቱን ዓይንህ ፊት ወዲያና ወዲህ እያደረገ ብሌንህ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ያያል። እሱ ብዙ ቋንቋ አይፈልግም። ሌላው በአንድ እግር ቆሞ 30 ሰከንድ ያህል ጮክ ብሎ መቁጠር ነው። በእንግሊዝኛ ማለት ነው እንግዲህ።

ሦስተኛው የመራመዱ ነው። ቀኝ እግርህን ከግራው ፊት አድርገህ፣ ተረከዝህን ከጣትህ አገናኝተህ፣ እጅህን ወደ ጎን ጥለህ ትቆማለህ። እንደዚያ ቆመህ ነው መመሪያውን የምትሰማው። ዘጠኝ እርምጃ ተረከዝ ከጣት እያገናኘህ በመስመሩ ላይ ትሄዳለህ፣ በትንንሽ እርምጃ ትዞራለህ፣ ዘጠኝ ትመለሳለህ። ጮክ ብለህ ትቆጥራለህ። እግርህን እያየህ፣ ሳታቆም። ፖሊሱ ስምንት ምልክቶችን ይፈልጋል። ከስምንቱ ሁለት ካገኘ ፈተናውን ወድቀሃል ማለት ነው።

ከስምንቱ አንዱ «መመሪያው ሳያልቅ ጀመረ» ይላል። አንዱ «እንደተነገረው አልዞረም» ነው። ሌላው «የእርምጃውን ቁጥር ተሳሳተ» የሚል ነው። ውሃ ብቻ ጠጥቶ የወጣ ሰው፣ እንግሊዝኛው ስላመለጠው ብቻ ሁለቱን ሊያሟላ ይችላል።

አሁን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚዘጋጁ የሀገሬን ልጆች መኪና አለማምዳለሁ። አንዳንዴ ትምህርት ሲያልቅ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ባለው ነጭ መስመር ላይ ይህንኑ ፈተና አስሞክራቸዋለሁ። መመሪያውን ፖሊስ እንደሚያነበው በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንድ ተማሪዬ ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «እሺ፣ እሺ» ብለው መራመድ ጀመሩ። «ጋሼ፣ ገና አልጨረስኩም እኮ!» አልኳቸው። «ገብቶኛል፣ ልሂድ ነው እንጂ!» ብለው ቀጠሉ። ጥግ ሲደርሱ እንደ ወታደር ክብ ዞሩ። ሁለት ምልክት። ሰውዬው ጠላ እንኳ አይቀምሱም። በአማርኛ ስነግራቸው አንዲት ስህተት አልሠሩም፣ እንዲያውም ስቀውብኛል።

ያ «እሺ» ነው ችግሩ። እኛ ባለሥልጣን ሲያናግረን ባይገባንም እሺ እንላለን፣ ራሳችንን እንነቀንቃለን። ፖሊሱ «ገባህ?» ሲል «የስ» ነው መልሳችን። የፖሊሱ ካሜራ ቀረጻ ላይ ደግሞ የሚሰማው «የስ» ብቻ ነው። አገር ቤት ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመን መንጃ ፈቃድ ይዘን ወርደን መሄድ ልማድ ነው፣ አክብሮትም ነው። እዚህ ሳይጠሩህ በሩን ከፍተህ ብትወርድ ፖሊሱ እጁን ወደ ሽጉጡ ይሰዳል። ይህን ያልነገሩት አዲስ መጪ ገና ከመኪናው ሳይርቅ ነገሩ ተበላሽቶበታል።

ማሽንም ይሳሳታል፣ አዎ። በ2010 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የፖሊስ ትንፋሽ መለኪያዎች በትክክል እንዳልተስተካከሉ ታውቆ ወደ 400 የሚጠጉ ፍርዶች ጥያቄ ውስጥ ገብተው ነበር። ግን ማሽን ቢሳሳት ባለሙያ መርምሮ ያወጣዋል። «መመሪያ መከተል አልቻለም» ብሎ የተጻፈ ሪፖርት ግን ማን መርምሮ ያወጣዋል?

እነዚህ የመንገድ ዳር ፈተናዎች በሜሪላንድ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ናቸው። አልሠራም ብትል በዚያ ምክንያት መንጃ ፈቃድህ አይታገድም። ፖሊሱ ግን በሌላ ባየው ነገር፣ በመጠጥ ሽታ፣ በንግግርህ፣ በአነዳድህ ሊያስርህ ይችላል።

እዚህ ላይ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ስለሚወራው «በምንም ዓይነት እንዳትነፋ» ስለሚለው ምክር አንድ ነገር ልበል። ምክሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል። መንገድ ዳር የሚሰጥህ በእጅ የምትያዘው ትንሿ መሣሪያ ናት። እሷን አልነፋም ብትል ቅጣት የለውም፣ ውጤቷንም ዓቃቤ ሕግ ፍርድ ቤት ማስረጃ አድርጎ አያቀርበውም። ከታሰርክ በኋላ ጣቢያ ውስጥ ያለው ትልቁ ማሽን ግን ሌላ ነው። እሱን እምቢ ካልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆንም መንጃ ፈቃድህ 270 ቀን ይታገዳል። ነፍተህ የአልኮል መጠንህ 0.08 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን እገዳው 180 ቀን ነው። ትልልቅ ትራክ የሚነዱ ወንድሞቼማ የበለጠ ይጠንቀቁ። በገዛ መኪናቸው ተይዘው እምቢ ቢሉም የትራክ ፈቃዳቸው ለአንድ ዓመት ይሄዳል። «እኔ ቅሜ እንጂ ጠጥቼ አይደለም» የሚሉም አሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከከባዶቹ የተከለከሉ ዕፆች ተራ ነው። ማሽኑ ዜሮ ቢያሳይ ልዩ ሥልጠና ያለው ፖሊስ ተጠርቶ ብሌንህን፣ የልብ ምትህን፣ የደም ግፊትህን ይለካል።

ጣቢያ ውስጥ መንፋትም እምቢ ማለትም የሚያስከትለውን የሚያስረዳው ዲአር-15 የሚባል ቅጽ ነው። ትልቁን ማሽን ከመንፋትህ በፊት ይነበብልሃል፣ ትፈርማለህ። ድካም፣ ድንጋጤ፣ የካቴና ጭንቀት ባለበት ሰዓት ያንን የጠበቃ እንግሊዝኛ ስንቶቻችን ነን የምንረዳው? ከዚያ መንጃ ፈቃድህ ተወስዶ 45 ቀን የሚያስነዳ ወረቀት ይሰጥሃል። በ10 ቀን ውስጥ ስለ እገዳው ችሎት ካልጠየቅክ ችሎቱ ሳይሰማ እገዳው ሊጀምር ይችላል። በ30 ቀን ካልጠየቅክ ጨርሶ አለቀ። ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ ሲጠብቅ የመጠየቂያው ጊዜ ያለፈበት አንድ የኡበር ሹፌር አውቃለሁ። የፍርድ ቤቱ ክስና ኤምቪኤ የሚባለው የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት እገዳ ሁለት ለየብቻ የሚሄዱ ጉዳዮች መሆናቸውን ማንም አልነገረውም። እንጀራው ነበር መንጃ ፈቃዱ።

ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ተአምር አይደለም። በየካውንቲው ያለ ፖሊስ መራመዱን ከማዘዙ በፊት በስልክ አስተርጓሚ ይጥራ። ካልተቻለም የመራመዱን ፈተና ትቶ በዓይኑ ፈተና ይመራ፣ ጣቢያ ወስዶም ማሽኑን ያስነፋ። የጠጣ ሰው በዚህ አያመልጥም፣ ማሽኑ ይይዘዋል። ዲአር-15ም በአማርኛ ተቀድቶ በድምፅ ይሰማ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያነበው ይበቃል።

ወገኖቼም «አልገባኝም፣ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አጥንተው ይያዙ። እኔ ከፓርኪንግ ትምህርት በፊት የማስጠናው እሷን ነው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ያፍራሉ።

ጋዜጣችሁ ደግሞ ቢተባበር የዲአር-15ን ፍሬ ነገር በአማርኛ አንድ ገጽ ላይ ያትምልን። ሰው ቆርጦ መኪናው ኪስ ውስጥ እንዲያስቀምጠው በትልልቅ ፊደል ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና አለማማጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ