የሴቶቹን ቡድን ዘንድሮ ለምትከታተይ ልጄ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነው የሚነጋው።

«የከተማችንን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ዘንድሮ ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ መጨረሻው ልከታተል፤ ምን ልያዝ?» ላልሽው፣ ትልቅ ባለ መስመር ደብተር፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ የእጅ ሰዓት ያዢ። በስልክ እጽፋለሁ እንዳትይ። በዚህ ብርድ ባትሪው ዓይንሽ እያየ ያልቃል፣ ዝናብ ከጣለም በረጠበ ጣት ስክሪን አይታዘዝም።

ውጤት መስማትና ውድድር መከታተል ለየቅል ናቸው። «2 ለ 1 ተሸነፍን» የሚለውን ማንም ይነግርሻል። ዋናዋ አጥቂ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ እግሯን እየጎተተች እንደነበር፣ ሁለቱም ጎሎች የገቡብን ከማዕዘን ምት መሆኑን፣ ቡድኑ ባለፉት 8 ቀናት 3 ጊዜ መጫወቱን ግን ካልጻፍሽው ማንም አያስታውሰውም። የወንዶቹ ፕሪምየር ሊግ ካሜራ አለው። ከሴቶቹ፣ በተለይ ከታችኛው እርከን ጨዋታ፣ የሚተርፈው የዳኛና የኮሚሽነር ሪፖርት ነው፤ እሱም ፋይል ውስጥ ይገባል። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዚህ አገር ተነስታ ለማልታው ቢርኪርካራ ተጫውታለች፣ ስለዚህ መንገዱ አለ። ግን የሚያስፈርም ክለብ «ስንት ጨዋታ፣ ስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ቦታ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «ጎበዝ ናት» ከሆነ አይበቃም።

የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ለደንቡ ተዪው። ክለቦቹ ስንት እንደሆኑ፣ ውድድሩ በአንድ ዙር ይሁን በሁለት፣ እኩል ነጥብ ሲመጣ የሚለየው በጎል ልዩነት ይሁን እርስ በርስ ባደረጉት ጨዋታ፣ በስንት ቢጫ ካርድ ቅጣት እንደሚመጣ፣ ስንት ቅያሪ እንደሚፈቀድ ጻፊ። ይህን በግምት አትሙዪው፤ ደንቡ በየዓመቱ ሊነካካ ይችላል፣ አምና የሰማሽው ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። 12 ክለቦች በደርሶ መልስ ከተጫወቱ ለእያንዳንዱ 22፣ በጠቅላላው 132 ጨዋታ ይሆናል። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ በየሳምንቱ አንድ ክለብ ያርፋል፤ ያኔ ደረጃ ሰንጠረዡን ስታዪ ዓይንሽ መጀመሪያ «የተጫወተው» በሚለው ዓምድ ላይ ይረፍ። ተስተካካይ፣ ማለትም ገና ያልተጫወተው ጨዋታ ያለው ቡድን ከታች ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ ግን በእርግጥ ከታች ላይሆን ይችላል።

የሴቶቹ ውድድር አንዳንዴ ክለቦቹን ሁሉ አንድ ከተማ ሰብስቦ በተከታታይ ነው የሚካሄደው። እንዲያ ከሆነ «በሜዳችን፣ ከሜዳችን ውጪ» የሚለው ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር ነው። የሚያዋጣሽ በሁለት ጨዋታ መሐል የነበረውን የዕረፍት ቀን መቁጠር ነው። አንዱ ቡድን 4 ቀን፣ ሌላው 2 ቀን አርፎ ከተገናኙ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የሚመጣው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው።

ስም ላይ ጠንቃቃ ሁኚ። የአሰላለፍ ወረቀቱን ጨዋታው ሳይጀመር ፈልጊና ፎቶ አንሺ፤ ከተጀመረ በኋላ የሚሰጥሽ አታገኚም። በአንድ ቡድን ሁለት ትዕግሥት፣ ሦስት ሰላም መኖሩ የተለመደ ነውና ስም ከነአባት ይጻፍ፤ የአባትም ስም ከተመሳሰለ የአያት ፊደል ጨምሪ። ፊደሉ ራሱ ያሳስታል፦ አንዷን ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት «ፀሐይ»፣ በአራተኛው «ጸሀይ» ብለሽ ከጻፍሻት በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ሰው ሆና ትገኛለች፣ ጎሎቿም ለሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያገኘሽውን አጻጻፍ ያዢና እስከ ሰኔ አትቀይሪ። በማሊያ ቁጥር ብቻ መመዝገብም አይሆንም፤ ማሊያ ሲቀደድ ወይም ሳይደርቅ ሲቀር ቁጥር ይለዋወጣል።

ለአንድ ጨዋታ ሁለት ገጽ፣ ግራው ለአሰላለፍ፣ ቀኙ ለደቂቃ። ቀኙ እንዲህ ይሁን፦

13፦ ጎል፣ ቁጥር 9 (7 ከግራ መስመር በመሬት አቀበለቻት)
31፦ ቢጫ፣ ቁጥር 4 (ማሊያ ጎትታ)
45+2፦ ማዕዘን ምት ለእነሱ፣ ግብ ጠባቂያችን በቡጢ አወጣችው
67፦ 7 እያነከሰች ወጣች፣ 14 ገባች

ሰዓትሽ 12 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሲል የገባ ጎል የ13ኛው ደቂቃ ጎል ነው፤ 12ኛው ሞልቶ 13ኛው ተጀምሯልና። የመጀመሪያው አጋማሽ የባከነ ሰዓት ላይ የሆነውን 45+2 በዪው እንጂ 47 አትበዪው፤ 47 የሁለተኛው አጋማሽ ነው። የተጫወተችውን ደቂቃ ስታሰዪ የባከነውን ሰዓት ተዪው። ስለዚህ ቁጥር 7 67፣ ቁጥር 14 ደግሞ 23 ደቂቃ ይያዝላቸዋል። 5 ቅያሪ በሚፈቀድበት ውድድር፣ በጨዋታ መሐል ለቅያሪ መቆም የሚቻለው 3 ጊዜ ብቻ ነው፣ ዕረፍት ላይ የሚደረገው አይቆጠርም። አሠልጣኟ በ70ኛው ደቂቃ ሦስቱንም ጨርሳ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የተጎዳች ልጅ ሜዳ ውስጥ እያነከሰች ስታዪ «ለምን አትቀይራትም!» ብለሽ አትጩኺ።

«እያነከሰች» የምትለዋን ቃል አትናቂያት። ሴት ተጫዋቾች ላይ የጉልበት የፊት ጅማት መበጠስ ከወንዶቹ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበዛል፣ ብዙውን ጊዜም ማንም ሳይነካት ነው፦ ስትዞር፣ ዘላ ስታርፍ፣ በድንገት ስትቆም። ልጅ ስትወድቅ የነካት ሰው ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን፣ ሜዳው ደረቅ ነበር ወይስ ጭቃ የሚለውን ጻፊ። ከጨዋታ በፊትም ቀደም ብለሽ ገብተሽ ማሟሟቂያውን እዪ። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፦ 8 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። የሚዘለለው ሁልጊዜ መካከለኛው ነው፤ አሰልቺ ስለሆነ። ጉልበት የሚጠብቀው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ አየሩ። እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ልጅ መሆንሽ ይጠቅምሻል።

ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊትም የባሕር ጠለሉን 7 አሥረኛ ያህል ነው። አየሩ ስለሳሳ ኳስ ሲመታ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ ርቆና ፈጥኖ ይሄዳል፣ ሲጠማዘዝም እንደ ቆላ አይጠማዘዝም። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ቡድን የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ እይው፦ ረጅም ኳሳቸው አጥቂዋን አልፎ ይወጣል፣ ከመስመር የሚሻማው የሩቁን ቋሚ ተሻግሮ ውጪ ይወድቃል፣ ቅጣት ምቱ «ይታጠፋል» ሲባል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግብ ጠባቂያቸውም ኳሱ ካሰበችው ቀድሞ ይደርስባታል። ትንፋሹ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ከ60ኛው ደቂቃ ወዲያ። ለከፍታ በደንብ ለመላመድ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ያን ያህል ቀን አልጋ የሚከራይ ክለብ ደግሞ የለም።

ኳሱ ራሱ አንድ ነው፤ ለሴት የተለየ ኳስ የለም። ቁጥር 5፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም። የውስጡ አየር ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይፈቀዳል፣ በፓምፕ መለኪያ ከ8.5 እስከ 15.6 ፒኤስአይ ማለት ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ከታች ቆላው ሸዋ ሮቢት በቀትር 0.8 ተነፍቶ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ የመጣ ኳስ፣ እዚህ ቀትር ላይ ሲለካ 0.9 ገደማ ያሳያል፤ ውጭው አየር ስለሳሳ ውስጡ ያለው ይበልጥ ይገፋል። ማለዳ በውርጩ ከተለካ ግን ቅዝቃዜው ከፍታው የጨመረውን ይበላበትና ወደ 0.8 ይመለሳል። ማለዳ ለስላሳ የነበረው ኳስ 8 ሰዓት ላይ እንደ ድንጋይ ቢነጥር ሜዳውን አትውቀሺ። ኳስ መለካት ያለበት ጨዋታው በሚካሄድበት ቦታና ሰዓት ነው።

ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ ታውቂዋለሽ። ዕጣ ያሸነፈችው አምበል ጎን ወይም ኳስ ትመርጣለች፤ የትኛውን እንደመረጠች ጻፊ። ነፋሱ በሁለተኛው አጋማሽ እንደሚበረታ የምታውቅ አምበል መጀመሪያ ነፋሱን በፊቷ ትቀበልና በኋላ በጀርባዋ ታደርገዋለች። የእኛዎቹ ወደ ቆላ ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል፦ ትንፋሽ ሞልቷል፣ ሙቀቱ ነው የሚጥላቸው። ዳኛው የውሃ ዕረፍት ሰጥቶ ከሆነ በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነና ከዚያ በኋላ ቡድኖቹ አሰላለፍ ቀይረው እንደሆነ ጻፊ፤ አሠልጣኞች ያቺን ደቂቃ ለምክር ነው የሚያውሏት። በልግ ሲዘንብ ደግሞ መረሬ አፈር ባለበት ሜዳ ጭቃው ታኬታ ሥር ይጋገራል፣ ኳስ መሬት ለመሬት ማቀበል ያበቃለታል፤ በዚያ ቀን የአማካዮችን ችሎታ አትመዝኚ።

ስለ ልጆቹ አንድ ነገር። ደሞዝ አላቸው፣ ግን ብዙዎቹ በእሱ ብቻ አይኖሩም፤ የምትማር አለች፣ የምትሠራ አለች። ስለዚህ ለቀረችው ልጅ የምክንያት ዓምድ ክፈቺ፦ ጉዳት፣ ቅጣት፣ ፈተና፣ ሥራ፣ ያልታወቀ። የሰሚ ሰሚውን፣ የቤተሰቧን ወይም የአካሏን ጉዳይ ግን እዚያ አታስገቢ። «አልነበረችም» ይበቃል።

ሰንጠረዡን በየሳምንቱ ራስሽ ሥሪ፣ ከዚያ ፈትሺው። የሁሉም ክለቦች ያገቡት ጎል ድምር ከገባባቸው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። የአሸናፊነት ድምር ከሽንፈት ድምር ጋር እኩል፤ የአቻ ድምር ምንጊዜም ለ2 እኩል የሚካፈል ቁጥር፣ አንድ አቻ ሁለት ክለብ ላይ ስለሚጻፍ። የነጥቡ ድምር ደግሞ ተሸናፊ የነበረበት ጨዋታ በ3፣ አቻው በ2 ተባዝቶ ሲደመር ይወጣል። አንዱ ካልገጠመ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የተገለበጠ ውጤት ነው፣ 2 ለ 1ን 1 ለ 2 ብሎ መጻፍ። በፎርፌ የተሰጠ 3 ለ 0 ካለ በቀይ ጻፊው፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ይገባል፣ ከጎል አግቢዎች ዝርዝር ውስጥ ግን አይገባም።

ለማትደርሺበት ጨዋታ ሜዳ ላይ ላለ ሰው ደውዪ። «ስንት ለስንት?» ብለሽ አትጀምሪ፤ እሱን ከነገረሽ ዘጋው ማለት ነው። መጀመሪያ ደቂቃውን፣ ቀጥሎ ማን እንደወጣች፣ ከዚያ ጎሉ እንዴት እንደገባ ጠይቂ፣ ውጤቱን በመጨረሻ። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውን ማታ አመሳክሪው፤ ጎል አግቢ ላይ ከተለያዩ ሌላ ሦስተኛ ሰው ጠይቂ፣ እስኪጣራ በእርሳስ ይቆይ።

ቀኑን በእኛም በፈረንጅም ጻፊው። የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን የሴካፋን፣ ማለትም የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ ለአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ያለፈው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው፣ ሞሮኮ ሄዶ የተጫወተው በ2017 ኅዳር፤ በፈረንጅ ግን ሁለቱም 2024 ናቸው። ዓመቱን ብቻ የጻፈ ሰው የትኛውን የውድድር ዘመን እንዳለ አይገባሽም።

የመጀመሪያው ጨዋታ የሚመጣው እሑድ 8 ሰዓት ላይ እዚህ ነው። ስልክሽ ላይ 2 ሰዓት ብሎ ነው የሚያሳይሽ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነውና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ድረሺ፤ ለማሟሟቂያው ትደርሻለሽ። ጋቢሽ ከደጃፉ አጠገብ ተሰቅሏል።

እናትሽ