መቶኛው የምኑ ነው?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ትምህርት ጥራት የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ ክፍል መጨናነቅና ስለ መምህራን ኑሮ ብዙ ተብሏል፤ ገናም መባል አለበት። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ከዚያ ሁሉ አነስ ስለምትል፣ ሆኖም እያንዳንዳችን ቤት ስለምትገባ አንዲት ነገር ነው። የሬሾ፣ ማለትም አንዱን መጠን ከሌላው የማነጻጸር፣ እና የመቶኛ ሒሳብ ናት። በተለይ በቃላት የሚቀርበው፤ "አንድ ነጋዴ ይህን ያህል ገዝቶ..." እያለ የሚጀምረው።

የምኖረውም የማስተምረውም በአዲስ አበባ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ውሎዬ ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ልጆች ጋር ነው። እዚህ ሰፈር ሒሳብ የሌለበት ነገር የለም። በየአቅጣጫው ቤት ይሠራል፣ ሲሚንቶ ይቦካል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዱ የባንክ ዕዳ ከፋይ ነው፣ ሌላው ተከራይ። እንጀራ ጋግረው የሚያከፋፍሉ እናቶች ጤፉን ከማሽላ ጋር በልክ ያደባልቃሉ። የተማሪዎቼ ወላጆች ቀኑን ሙሉ በሬሾ ሲሠሩ ይውላሉ። ልጆቻቸው ግን ያንኑ ነገር ወረቀት ላይ ሲያገኙት ይጠፋቸዋል።

አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ጥያቄ ይህ ነበር። ለኮንክሪት ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በ1፡2፡3 ይደባለቃሉ። 12 ሳጥን አሸዋ ከገባ ስንት ሳጥን ጠጠር ያስፈልጋል? አንድ ልጅ ፈጠን ብሎ ወጣና "13" ብሎ ጻፈ። አባቱ ግንበኛ ነው፤ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮት ሳይት ይውላል።

"እንዴት 13 ሆነ?" አልኩት።

"ቲቸር፣ ጠጠሩ ከአሸዋው በአንድ ይበልጣላ።"

ጥያቄውን ተውኩትና ስለ ሳይቱ ጠየቅሁት። አባትህ ጋ ሁለት ሳጥን አሸዋ ሲገባ ጠጠሩ ስንት ነው? "ሦስት።" አራት ሲገባስ? "ስድስት ነዋ!" ስድስት ሲገባስ? ሊመልስ አፉን ከፈተና ዝም አለ። ዞሮ ሰሌዳውን አየ። ከዚያ 13ቱን በእጅጌው ጠረገና 18 ብሎ ጻፈ።

ይህ ልጅ ሒሳብ አይገባውም ሊባል ነው? ገብቶታል። ያቃተው ሳይት ላይ የሚያውቀውን ከሰሌዳው ጋር ማገናኘት ነው። ስህተቱም የሱ ብቻ አይደለም፤ ሬሾ ያስተማረ መምህር ሁሉ ያውቃታል። ልጆች ማባዛት ባለባቸው ቦታ ይደምራሉ። ጠጠሩ በአንድ ሳጥን የሚበልጠው ለመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው። ሬሾ የሚጠብቀው ልዩነቱን ሳይሆን እጥፉን ነው። አሸዋው ስድስት እጥፍ ካደገ ጠጠሩም ስድስት እጥፍ ያድጋል። በ12 አሸዋ ላይ 13 ጠጠር የጨመረ ሰው የሚያፈሰው ሌላ ኮንክሪት ነው። እዚያ ሶሌታ ስር ደግሞ ሰው ይኖራል።

በዚያው ጥያቄ ላይ "ሲሚንቶው ከጠቅላላው ስንተኛ እጅ ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ብዙዎቹ "ሲሶ" አሉ። አንዱንና ሦስቱን አይተው ነው። ሲሚንቶው የጠጠሩ ሲሶ መሆኑ እውነት ነው። የድብልቁ ግን ሲሶ አይደለም። 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ 6 እጅ ይሆናሉ፤ ሲሚንቶው ከስድስት አንድ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ሬሾ አንዴ የገባው ልጅ ሁሉንም ነገር በሬሾ ሊፈታ ይነሳል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ 1 ጋቢ በ3 ሰዓት ከደረቀ 4 ጋቢ በስንት ሰዓት ይደርቃል ብላችሁ ጠይቁ። 12 የሚል አይጠፋም። ጎን ለጎን ከተሰጡ እኮ ያው 3 ሰዓት ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄም ማቅረብ አለብን፤ ልጁ ከማባዛቱ በፊት ነገሩን በዓይነ ሕሊናው እንዲያይ።

ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ ቋንቋ ነው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ሬሾ፣ ወደር (የሁለት ሬሾዎች እኩል መሆን) እና መቶኛ ሰፋ ብለው የሚመጡትም በዚያው ክፍል ነው። ልጁ ባንድ ጊዜ ከሁለት ነገር ጋር ይታገላል። ጥያቄው ያልገባው ልጅ ቁጥሮቹን ይለቅምና ያገኘውን ያደርጋል፤ ይደምራል፣ ያካፍላል፣ ዕድሉን ይሞክራል። እኔ የማደርገው ይህን ነው። እርሳስ ከመነሳቱ በፊት ጥያቄውን ቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ፣ ቁጥር ሳይጠራ እንዲተርክልኝ አደርጋለሁ። ማን፣ ምን አደረገ፣ ምን ተፈለገ? ተርኮ ከጨረሰ አብዛኛው ሥራ አልቋል። ይህ በጀት አይፈልግም፣ ስልጠናም አይፈልግም። ጊዜ ግን ይፈልጋል። ምዕራፍ ለመጨረስ የሚሯሯጥ መምህር ይህን ጊዜ ማግኘት አለበት።

ጊዜ ሲጠፋ የሚተካው ዘዴ ጉዳቱ ብዙ ነው። "ቀነሰ የሚል ቃል ካየህ ቀንስ፣ ጨመረ ካለ ደምር" እየተባለ ይሰጣል። ታዲያ ይህን እንሞክረው። የአንድ ጫማ ዋጋ 20 በመቶ ቀንሶ 480 ብር ሆነ። መጀመሪያ ስንት ነበር? ቃሉን ብቻ ያየ ልጅ ከ480 ላይ 20 በመቶውን ይቀንስና 384 ይላል። ነቃ ያለው 20 በመቶውን ይጨምርና 576 ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። 20 በመቶው የተቀነሰው ከ480 ላይ አይደለም፤ ከማናውቀው ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ነው። 480 የቀረው 80 እጅ ነው። አንዱ እጅ 6 ብር፣ መቶው እጅ 600 ብር።

ለዚህ ነው ክፍሌ ውስጥ አንድ ጥያቄ ደጋግሜ የምጠይቀው። ከምኑ? 20 በመቶ ያለኝን ልጅ "ከምኑ?" እለዋለሁ። ግማሽ ያለኝንም "የምኑ ግማሽ?"

የዚህን ጥያቄ ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ሰፈራችን ውስጥ ሕፃን አዋቂው የሚጠራው 20/80 የተባለው የኮንዶሚኒየም ቤት ፕሮግራም ነው። ቤቱን ለማግኘት ቆጣቢው 20 በመቶውን ይከፍላል፣ 80 በመቶው የባንክ ብድር ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ "ቆጣቢው የከፈለው ስንት በመቶ ነው?" ስል ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ 20 አለ። ሌሎቹ ግን 20ን ለ80 አካፍለው 25 በመቶ አሉ። ክርክሩ ደስ የሚል ነበር። እንዲጯጯሁ ትንሽ ተውኳቸው። ከዚያ ቤቱን 400 ሺህ ብር ነው ብለን በአምስት እኩል ሳጥን ሣልነው። አንዱ ሳጥን 80 ሺህ፣ እሱ የቆጣቢው ነው። አራቱ ሳጥን 320 ሺህ፣ እነሱ የባንኩ ናቸው። የቆጣቢው ገንዘብ የቤቱ 20 በመቶ ነው። የብድሩ ግን 25 በመቶ ነው። ሁለቱም ወገን ልክ ነበር፤ የጎደላቸው "ከምኑ" የምትለው ብቻ ናት። አንዲት ልጅ ማታ ለእናቷ ሠርታ እንዳሳየቻት በማግስቱ ነገረችኝ። ከዚህ በላይ የቤት ሥራ አላውቅም።

ይህች ጥያቄ ከክፍል ውጪም ገንዘብ ታድናለች። ደረሰኝ ላይ ያለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ እንውሰድ። መጣኔው 15 በመቶ ነው። ታክስን ጨምሮ 2,300 ብር ለከፈለ ሰው ታክሱ ስንት ነው? ብዙ ሰው ካልኩሌተር ያወጣና የ2,300 15 በመቶ ብሎ 345 ይላል። ትክክሉ 300 ነው። 15ቱ በመቶ የሚሰላው ታክስ ባልተጨመረበት ዋጋ ላይ ነው። 2,300 ብሩ 115 እጅ ነው፤ አንዱ እጅ 20 ብር፣ አሥራ አምስቱ 300። ትናንሽ ሱቆች ሒሳባቸውን ሲይዙ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

ኪራይ ደግሞ አለ። አንዲት ጎረቤቴ በቀደም ቤቴ መጥተው "መምህር፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ" አሉኝ። ኪራያቸው ከ8,000 ወደ 10,000 ብር ከፍ ብሏል። የተነገራቸው "20 ፐርሰንት ብቻ ነው የጨመርነው" ተብሎ ነው። 2,000 የ10,000 20 በመቶ ነው፤ እሱስ ልክ። ጭማሪ የሚለካው ግን ከነበረው ላይ ነው፣ ከ8,000ው። ስለዚህ 25 በመቶ ነው። ምናልባት በተንኮል አልነበረም፤ ብዙ ሰው እንዲሁ ያሰላል። ግን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ጭማሪውን ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው መጠን እንዳያልፍ ገድቧል። ያ መጠን የሚነገረው በመቶኛ ነው። መቶኛ ማስላት የማይችል ተከራይ መብቱ መነካቱን በምን ያውቃል?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ጋዜጦቻችን ቁጥር ይወዳሉ። "በ40 በመቶ አደገ፣ በ15 በመቶ ቀነሰ" የማይል ዜና ጥቂት ነው። ከስንት ወደ ስንት፣ ከምኑ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የለም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን እንይ። በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ዓይነት መቶኛ አለ። 50ው ከፈተናው ነጥብ ነው፣ 3.2ቱ ከተማሪው ብዛት። የማውቃቸው ወላጆች ሁለቱን ሲያምታቱ ሰምቻለሁ፤ ልጆቹ ከመቶ 3.2 አመጡ ብለው የተረዱም አሉ።

ለውጡስ ስንት ነው? ከ3.2 ወደ 5.4 የ2.2 የመቶኛ ነጥብ (የሁለቱ መቶኛዎች ልዩነት) ጭማሪ ነው። ያው ጭማሪ ከ3.2 አንጻር ሲታይ ወደ 69 በመቶ ይጠጋል። ያለፉትን ልጆች በቁጥር ካየን ደግሞ ከ27 ሺህ ገደማ ወደ 36 ሺህ ገደማ ነው፤ ሲሶ ያህል ጭማሪ፣ ማለትም 33 በመቶ አካባቢ። ይህ ከ69 ያነሰው ተፈታኙ ራሱ ከ845 ሺህ ገደማ ወደ 675 ሺህ ገደማ ወርዶ ስለነበር ነው። 2.2፣ 69 እና 33 ሦስቱም እውነት ናቸው። ርዕስ ላይ አንዱን ብቻ ያወጣ ጋዜጣ ግን አንባቢው ልብ ውስጥ ሦስት የተለያየ ስሜት መፍጠር ይችላል። ስለ ልጆቻችን ነው የምናወራው፤ ሙሉው ሊነገረን ይገባል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛው፣ መቶኛ ስትጽፉ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነና ሙሉው ምን እንደሆነ አብራችሁ ጻፉልን። ሁለተኛው፣ በየሳምንቱ አንዲት ትንሽ ቦታ ስጡን። ከኑሮ የተወሰደ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ይውጣባት፤ መልሱ ከነአሠራሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይከተል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚሠሩት ይሁን። ጥያቄዎቹን እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ያለ ምንም ክፍያ እናዘጋጃለን።

ፈቃዳችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ይኸው። አንዲት እናት ጤፍና ማሽላ በ3፡1 አደባልቀው 40 ኪሎ ዱቄት አዘጋጁ። በኋላ ጤፉ ተወዶባቸው 10 ኪሎ ማሽላ ጨመሩበት። አሁን ማሽላው ከድብልቁ ስንት በመቶ ነው? ደንበኞቻቸው ጣዕሙ ተለወጠ ቢሏቸውና ወደ 3፡1 መመለስ ቢፈልጉ፣ ስንት ኪሎ ጤፍ መጨመር አለባቸው?

አክባሪያችሁ፣
የሒሳብ መምህር፣ ከቱሉ ዲምቱ