ስለ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች የሕይወት ታሪክ፦ ምንጭ መጥቀስ ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሲሸለም፣ ጣቢያ ሲቀይር ወይም ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ በጋዜጦችና በዜና ድረ ገጾች ላይ የሚወጣው አጭር የሕይወት ታሪክ፣ ብዙውን ጊዜ ከዊኪፔዲያ ወይም ዊኪፔዲያን ከገለበጠ ሌላ ገጽ የተቀዳ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። የእናንተም ጋዜጣ ከዚህ ልማድ ነጻ ነው ለማለት ስለሚቸግረኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ዊኪፔዲያን ለማጥላላት አልተነሣሁም፤ እኔም ዘወትር የምገለገልበት መዝገብ ነው። የምለው፣ በእንዲህ ዓይነት ገጾች ላይ የሚነሣውን የፍትሐዊነት ክርክር «ምንጭ አለው ወይስ የለውም?» በሚል ጥያቄ ብቻ መዳኘት እንደማይቻል፣ ምንጩን የሚያቀርቡትም ሆነ የሚያበላሹት ባብዛኛው የዜና ክፍሎች ራሳቸው መሆናቸውን ነው።

ለዚህ ከማውቃቸው ጉዳዮች ሁሉ የብራዚሉ ይበልጥብኛል። የሪዮ ዴ ጃኔሮው ጋዜጣ ኦ ግሎቦ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 እንደዘገበው፣ ሚርያም ሌይታኦ እና ካርሎስ አልቤርቶ ሳርደንበርግ በፖርቱጋልኛው ዊኪፔዲያ ላይ ያላቸው የሕይወት ታሪክ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በሜይ 2013፣ ተነካክቶ ነበር። ሁለቱም በግሎቦ ቴሌቪዥን ተመልካች የሚያውቃቸው የኢኮኖሚ ተንታኞች ናቸው። ለውጡ የተደረገበት የኢንተርኔት መስመር ሲጣራ የፕሬዚዳንቷ ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት የፕላናልቶ ቤተ መንግሥት ሆኖ ተገኘ። ወቅቱ የምርጫ ዋዜማ ስለነበር ነገሩ አገር አወከ፤ በሴፕቴምበርም አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እንዳደረገው ታውቆ ከኃላፊነቱ ለቀቀ።

የፖለቲካውን ጫጫታ ትተን የገባውን ጽሑፍ ራሱን እንመልከት። በሌይታኦ ገጽ ላይ የተጨመረው ትንታኔዎቻቸውንና ትንበያዎቻቸውን የሚያጣጥል ነበር፤ ማንም አንብቦ «ይህማ አስተያየት ነው» ሊለው የሚችል ዓይነት። በሳርደንበርግ ገጽ ላይ የተጨመረው ግን ረቀቅ ያለ ነው። ወንድማቸው ፌብራባን በተባለው የባንኮች ማኅበር የኢኮኖሚ ባለሙያ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ ጋዜጠኛው የመንግሥትን የወለድ ቅነሳ የሚተቹት ከዚሁ የተነሣ እንደሆነ አንባቢው እንዲገምት ያደርጋል። ወንድማቸው በእርግጥም በዚያ ማኅበር ይሠሩ ነበር፤ ከፈለጉ ምንጭ መጥቀስ፣ ቁጥር ሰጥቶ በግርጌ ማስቀመጥ ይቻላል። ውንጀላው ያለው በወንድማቸው ሥራና በጋዜጠኛው አስተያየት መካከል በተቀመጠችው ማያያዣ ላይ ነው፤ ለእሷ ደግሞ ምንም ማስረጃ አልቀረበም። እያንዳንዱን ቃል እያነሣ ምንጭ የሚፈልግ አንባቢ ይህን ጽሑፍ ያለ ችግር ሊያሳልፈው ይችላል።

የሌይታኦም ጉዳይ ሌላ ገጽታ አለው። በዚያው ኦገስት 2014 እኚሁ ጋዜጠኛ በ1972፣ የ19 ዓመት ወጣትና ነፍሰ ጡር ሳሉ፣ በወታደራዊው አገዛዝ እስር ቤት የተፈጸመባቸውን ሥቃይ፣ እባብ በተለቀቀበት ጨለማ ክፍል ውስጥ መቆለፋቸውን ጭምር፣ በዝርዝር ተናገሩ። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ታሪክ የሕይወት ታሪካቸው ላይ ለመጻፍ የሞከረ ሰው ቢኖር ኖሮ የሚጠቅሰው ዝርዝር ምንጭ ባልነበረው። ከቤተ መንግሥት የመጣ ስድብ በገጹ ላይ ሲገባ፣ ሰውየዋን እንዲህ ያሉ ጋዜጠኛ ያደረጋቸው ነገር ግን ቦታ አልነበረውም ማለት ነው። በድረ ገጽ ላይ ያለ የሕይወት ታሪክ የታተመውን ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ያልታተመው እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል።

ምንጭ ይጠቀስ የሚለው ደንብ የጠነከረበትን ምክንያት አልዘነጋሁም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካዋ የናሽቪል ከተማ የሚኖሩት ጆን ሲገንታለር፣ አንጋፋ የጋዜጣ አዘጋጅና በከተማቸው የሕዝብ ቴሌቪዥን ስለ መጻሕፍት ደራስያንን ለዓመታት ያነጋገሩ ሰው፣ በሁለቱ የኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ እጃቸው ሳይኖርበት አይቀርም ተብሎ ይታሰብ እንደነበረ፣ ከዚያም በሶቪየት ኅብረት ከአሥር ዓመት በላይ እንደኖሩ የሚገልጽ የፈጠራ ታሪክ በዊኪፔዲያ ላይ ተጻፈባቸው። እውነቱ ግን፣ ከሁለቱ ወንድማማቾች በአንዱ፣ በሮበርት ኬኔዲ ቀብር ላይ ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ጽሑፉ አራት ወር ያህል ማንም ሳይሰርዘው ቆየ፤ ኤንቢሲ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዜና አንባቢ የነበሩት ልጃቸው ደግሞ ያው ሐሰት በሌሎች ሁለት ድረ ገጾች ላይ ተገልብጦ እንዳገኙት ደውለው ነገሯቸው። ሲገንታለር በዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ ላይ ያወጡት ጽሑፍ ካስነሣው ክርክር በኋላ ያልተመዘገበ ተጠቃሚ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ተከለከለ፤ በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፍ አከራካሪ ነገር ምንጭ ከሌለው ውይይት ሳይጠበቅ ወዲያው ይሰረዝ የሚለው ደንብም በዚያው ሰሞን ተቀረጸ። (ቀልድ መስሎት ያንን የጻፈው ሰው ሥራውን ሲለቅ፣ እንዲመልሱት ቀጣሪዎቹን የለመኑት ሲገንታለር ራሳቸው ነበሩ።) ይህ ደንብ ዓይን ያወጣውን ውሸት በደንብ ይይዛል። የሳርደንበርግን ዓይነት ግን አይይዝም።

ፍትሐዊነት ማለት ማመስገን እንዳልሆነም ልጨምር፤ የእኛ አገር አንባቢ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይረዳዋልና። የኤንቢሲው ብራያን ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅ ውስጥ የተሳፈሩበት ሄሊኮፕተር በሮኬት ተመቷል ብለው ሲናገሩ ቆይተው፣ በዚያ የነበሩ ወታደሮች ውሸት መሆኑን በማጋለጣቸው በፌብሩዋሪ 2015 ያለ ደመወዝ ለስድስት ወር ታገዱ፤ ወደ ምሽቱ ዋና ዜና ወንበራቸውም አልተመለሱም። ይህን ከሕይወት ታሪካቸው እንዲወጣ የሚሟገት ወዳጅ ቢኖር ለእሳቸውም ለአንባቢም አይበጅም። መጠየቅ ያለበት፣ አሥር ዓመት የዘለቀው የዋና ዜና አቅራቢነት በሁለት መስመር አልፎ ቅሌቱ ገጹን ሞልቶት እንደሆነ ነው። ቅሌት በሺህ ጋዜጣ ይታተማል፤ በየምሽቱ በትክክል የተነበበ ዜና ግን ማንም ዘገባ አይሠራበትም። ስለዚህ ምንጩን ብቻ ተከትሎ የሚጻፍ የሕይወት ታሪክ፣ ጸሐፊው ተንኮል ባይኖረው እንኳ፣ ወደ ቅሌቱ ማዘንበሉ አይቀርም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በመስኮቱ ያለፉት አንባቢዎች፣ ዘጋቢዎችና አዘጋጆች ሥራ የተቀመጠው በካሴት ላይ እንጂ በድረ ገጽ ላይ አይደለም። እኔ ለዓመታት በሠራሁበት የማኅደር ክፍል የአንድ ዘጋቢ ሥራ ማስረጃ በካሴቱ ጀርባ በእስክሪብቶ የተጻፈው ርእስ፣ የዘጋቢው ስምና ቀን ነበር፤ የአንዳንዱ ደግሞ ወረቀቱ ተልጦ በካሴቱ ውስጥ ያለው የማን እንደሆነ የሚያውቁት ጡረታ የወጡ ባልደረቦች ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ዊኪፔዲያ በምንጭነት አይቀበልም፤ መቀበልም አይችልም፣ ማንም ሊያረጋግጠው ስለማይችል። በዚህም የተነሣ ሠላሳ ዓመት የሠራው ሰው ገጽ የለውም፤ ከሁለት ዓመት በፊት በዩቲዩብ የታወቀው አለው።

ታዲያ ለአንጋፋዎቹ የሚገኘው ምንጭ ምንድን ነው? በአብዛኛው በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ የሚጀምረው ያ ጽሑፍ በለቅሶ ቤት፣ በአንድ ሌሊት፣ በቤተ ዘመድ የሚዘጋጅ ነው፤ የሟቹን ደግነት ለመመስከር እንጂ ለማጣራት አይጻፍም፣ ሊጻፍም አይገባም። ጋዜጦች ግን በማግስቱ ቃል በቃል ያትሙታል፤ ስለታተመም ምንጭ ይሆናል። መቼ እንደተቀጠሩ፣ ለምን ከሥራ እንደታገዱ፣ በየትኛው መንግሥት ዘመን ምን እንዳነበቡ፣ ቤተሰብ ሳይነካው ያለፈው ሁሉ ከመዝገቡ ወጥቶ ይቀራል። በሕይወት ላሉት ደግሞ የልደት ቀን የሚወሰደው ከፌስቡክ የእንኳን አደረሰህ መልእክት ነው። በዚያ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ አለ፦ በ1957 ዓ.ም. የተወለደ ጋዜጠኛ በውጭ ቋንቋ ገጽ ላይ እንዲሁ በ1957 እንደተወለደ ሲጻፍበት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ይህ ቁጥር ደግሞ በፍለጋ ውጤቱ ጎን በሚታየው ሳጥን ውስጥ ይገባና ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።

የከፋው ዙሪያ ጥምጥሙ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 በጀርመን አንድ አዲስ ሚኒስትር በተሾሙ ጊዜ፣ ስሙን ያልገለጸ ሰው በረጅሙ የስማቸው ዝርዝር ውስጥ «ቪልሄልም» የሚል ስም በዊኪፔዲያ ላይ ቢጨምር ትልልቆቹ ጋዜጦች ተቀብለው አተሙት፤ ስሙ ሲጠረጠርም ከዚያው ከዊኪፔዲያ የቀዳ የአንድ የዜና ድረ ገጽ ዘገባ መልሶ ማስረጃ ሆኖ ቀረበለት። የጀርመን የዜና ክፍሎች፣ ያ ሁሉ መዝገብ እያላቸው፣ እንዲህ ከሆኑ የእኛ ምን ሊሆን እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በደል የደረሰበት ጋዜጠኛ ገጹን ራሱ ቢያርም የጥቅም ግጭት አለብህ ይባላል፤ በገጹ የውይይት ክፍል ቢያመለክት የታተመ ምንጭ አምጣ ይባላል፤ የታተመው ምንጭ ደግሞ ስሕተቱን ከዚያው ገጽ የቀዳው የእናንተ ዓምድ ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በእናንተ ላይ የመልስና የእርማት መብት ይሰጠዋል፤ መዝገቡን በሚያስተናግደው የአሜሪካ ድርጅት ላይ ግን አይሰጠውም፣ እዚያም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ተጠቃሚዎች ለጻፉት ነገር አስተናጋጁን በአብዛኛው ከተጠያቂነት ነጻ ያደርገዋል። ስለዚህ መንገዱ የሚጀምረው ከናንተ ደጅ ነው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠብቀው ከባድ አይደለም። የአንድን ጋዜጠኛ የሕይወት ታሪክ ስታወጡ እያንዳንዱ ቁም ነገር ከማን እንደተገኘ፣ ከራሱ ነው ወይስ ከጣቢያው፣ ከቤተሰብ ነው ወይስ ከሰነድ፣ በጽሑፉ ውስጥ ይነገር። የልደትና የሥራ ዘመን ሲጠቀስ አቆጣጠሩ ይገለጽ። ከቀብር ላይ የተወሰደ ጽሑፍ በቀብር ላይ የተነበበ መሆኑ ይታወቅ፤ ከዚያም ባልደረቦቹን አነጋግሮ ሌላውን የሚጨምር ዘጋቢ ይመደብ። አንጋፋዎቹን በሕይወት ሳሉ፣ ካሴቶቻቸውን አጠገባቸው አድርጋችሁ፣ ቀን ያለውና የአዘጋጁ ስም የሰፈረበት ቃለ ምልልስ አድርጉላቸው፤ ከሌላ የትም የማይገኝ ምንጭ ይሆናል። ስሕተት ስታርሙም እርማቱን በሌላ ቀን በሌላ ዓምድ ሳይሆን በዚያው ጽሑፍ አናት ላይ፣ የታረመበትን ቀን ጠቅሳችሁ አስቀምጡት፤ በዊኪፔዲያ ግርጌ የሚጠቀሰው የዚያ ጽሑፍ አድራሻ እንጂ የእርማት ዓምዳችሁ አይደለምና።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀድሞ የቴሌቪዥን ማኅደር ክፍል ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ