ጅራቱ የኔ ነው

ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ማታ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ስደውል «የዓሣ ቤቶቹ እንዴት ሆኑ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። «ደህና ናቸው» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ አለፍኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከነከነኝ። ሃያ ዓመት ጣና ዳር ዓሣ ጠብሶ ልጆች ላሳደገ ሰው «ደህና ናቸው» መልስ ነው? ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። እህቴ ስታነብልሽ እየዘለለች እንዳታነብ ተቆጫት።

መጀመሪያ ያሳቀኝን ልንገርሽ። ትንሹ ልጅሽ ከፈረንሳይ ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ «ባሕር ዳር ነኝ» ብሎ ጽፏል። «እኔም» ብዬ መለስኩለት። የሱ ግን እውነተኛ ባሕር ያለበት ነው፤ ካንካል የምትባል የወደብ ከተማ። ድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ኦይስተር ይበላል። ኦይስተር ዛጎል ውስጥ የሚኖር ለስላሳ የባሕር ፍጥረት ነው። ሻጮቹ ወደቡ ዳር መደብ ዘርግተው በደርዘን ይሸጡታል። ዛጎሉን በአጭር ቢላ ፈልቅቀው ይከፍቱታል፤ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አፍ። አይጠበስ፣ አይቀቀል። እንዲያውም ሕይወቱ ሳይወጣ ነው የሚበላው። ባዶውን ዛጎል እዚያው ወደ ውኃው ዳር ይወረውሩታል፤ በነሱ ዘንድ ነውር አይደለም።

አሁን አማትበሽ «ክንፍና ቅርፊት አለው ወይ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። የለውም። አምባዛን እንኳ ቅርፊት የለውም ብለሽ መጥበሻሽ ላይ ያላወጣሽ ሰው ነሽ፤ ደንበኛ ሲለምንሽ «እዚያ ማዶ ሂድ» ትዪው ነበር። ልጅሽን ግን አትቆጪው፤ «ስድስት ብቻ ነው የበላሁት» ብሏል።

እኔን ያስቀናኝ ኦይስተሩ አይደለም። አቀማመጣቸው ነው። ከውኃ የወጣውን እዚያው ውኃው ፊት መብላት። ያንቺ ደንበኞች እንደዚያ አልነበሩም? ዋርካው ሥር፣ አንዱ ድንጋይ ላይ፣ አንዱ የተገለበጠ ሣጥን ላይ፣ ዓሣውን በጋዜጣ ይዞ፣ ሎሚውን በጥርሱ እየቀደደ።

እናም ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የዓሣ ቤት መዞር ጀመርኩ። ሁሉንም አልዘረዝርልሽም። አንዱ ትልቅ ቤት ነው፤ ስሙ ይቅር። አሳላፊው ክራቫት አስሯል። ሙሉ ዓሣ ስለው «ፊሌቶ ይሻልዎታል» አለኝ። አጥንቱ የወጣለት ሦስት ቁራጭ ሥጋ ከሰላጣ ጋር መጣ። ገና ሳልቀምሰው ያደረ መሆኑን አወቅሁ፤ አንቺ ያስተማርሽኝ አፍንጫ መቼ ይሳሳታል? ፊሌቶ የሚወዱት ለምን እንደሆነም ገባኝ። ፊሌቶ ዓይን የለው፣ ጉንጭ የለው፤ ምኑን ገልጠሽ ታያለሽ? ሙሉ ዓሣ ግን መዋሸት አይችልም። ዓይኑ ጉልህ ነው ወይ? ጉንጩ ሲገለጥ ውስጡ ቀይ ነው ወይ? በጣት ሲጫኑት ይመለሳል ወይ? ዋጋውን አልነግርሽም፣ ትደነግጫለሽ።

በማግስቱ ንዴቴን ላበርድ ብዬ ሌሊት ተነስቼ ዓሣው ወደሚራገፍበት ወረድኩ። እዚያ ብዙም የተለወጠ ነገር የለም። ማታ የተጣለው መረብ ንጋት ላይ ይጎተታል፤ ጀልባዎቹ ፀሐይ ሳትበረታ ይደርሳሉ። ፔሊካኖቹም አሉ፣ እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው አንጀቱ እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። የደንገል ታንኳም አልጠፋም። አንዱ ሰውዬ ታንኳውን ዳር ላይ አቁሞ ያደርቅ ነበር። ውኃ ከጠጣ ይከብዳል፣ ትዪን አልነበር? በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሆላንድ ሰዎች ጋር ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲመጣ «ታንኳ አለቀለት» ተብሎ እንደነበር ነግረሽኛል። ይኸው አላለቀለትም።

ያለቀለት የመሰለኝስ ነጭ ዓሣው ነው። ቀረሶ አለ፣ አምባዛም ሞልቷል። ነጭ ዓሣ ግን አንዱን ለማግኘት ሦስት ጀልባ ጠየቅሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛዬ እንደነገረኝ፣ እኛ ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ከ15 በላይ ዓይነት ነው፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ። አንቺ እኮ ድሮም «ከንፈረ ወፍራሙ»፣ «አፈ ሰፊው» እያልሽ ትለያቸው ነበር። ክረምት ላይ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሽቅብ ይወጣሉ። መረቡ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። እንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች ዓሣ የከርሞውንም ይዛ ነው የምትሄደው። አጥማጆቹም አይጠፋቸውም። አንዱን ብጠይቀው «እኔ ብተው ጎረቤቴ ይይዛታል» አለኝ። ምን ልበለው? በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው እምቦጭ ሲጨመርበት ደግሞ ሐይቁ ብዙ ነው የተሸከመው።

አሁን ወደ ጥሩው ወሬ። ከጊዮርጊስ ወደ ውኃው በኩል ስትወርጂ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ቤት አገኘሁ። ስም የላትም፣ ሜኑ የላትም። አምስት ዱካ፣ አንድ ትልቅ መጥበሻ፣ የእንጨት እሳት። «ምን አለ?» ብትዪ መልሱ አንድ ነው፦ «ዓሣ።» ሲያልቅ ይዘጋል። ባለቤቷ ወፍራም፣ ቁጡ ሴት ናት። ቅርፊቱን ጠርጋ፣ ጎንና ጎኑን በቢላ በጣ በጣ አድርጋ፣ የሚንከተከት ዘይት ውስጥ ትለቀዋለች። አትነካካውም። አንድ ጊዜ ብቻ ትገለብጠዋለች። ዳቦ፣ ሎሚ፣ ዳጣ፣ ሚጥሚጣ፤ በቃ። ዳጣዋ እንባ ታስመጣለች። ዘይቷን አየሁት፣ ንጹሕ ነው። በጾም ቀን ወረፋው እስከ መንገዱ ይደርሳል አሉ። እሷም እንዳንቺ ለሰው ትጠብሳለች እንጂ በጾም አትቀምስም።

የመጀመሪያ ቀን «መሐሉን ልስጥህ?» አለችኝ። «ጅራቱን» አልኳት። ተገርማ አየችኝ። ልጅ ሳለሁ መሐሉ ለደንበኛ፣ ጅራቱ ለኔ እንደነበር ምን ታውቃለች? ያኔ አኮርፍ ነበር፤ ትዝ ይልሻል፣ አንድ ቀን ጅራቱን ለድመት ጥዬ በአለንጋ አባረርሽኝ። ዛሬ ግን ከዓሣው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ዘይቱ እስከ አጥንቱ ይገባል፣ ቆርጠም ቆርጠም እያለ ከነእሾሁ ይበላል። ከደንበኛው የተሻለውን ስበላ ነው ያደግሁት ማለት ነው። አንቺ ይህን ታውቂ ነበር ወይስ እንዲሁ ሆኖልኝ ነው?

ሦስተኛው ሳምንት ላይ «የማን ልጅ ነህ? እንደ አዋቂ ነው ዓሣ የምታገላብጠው» አለችኝ። ነገርኳት። «ዋርካው ሥር ትጠብስ የነበረችው? ያቺ አምባዛ የማትነካዋ?» አለችና መጥበሻዋን ትታ መጣች። እሷ ያኔ ልጅ ነበረች፤ እናቷ ካንቺ ትገዛላት ነበር። ያንን ቀን ሒሳብ አልተቀበለችኝም። ብዙ ታግዬ ነው ለልጇ ሳንቲም የሰጠሁት።

ዓሣ ልላክልሽ ብዬ አስቤ ነበር። ሰዎች በበረዶ አድርገው አዲስ አበባ ይወስዳሉ። ግን በረዶ ላይ ያደረ ዓሣ ብልክልሽ ለውሻ ነው የምትሰጪው፤ አውቅሻለሁ። ስለዚህ አንቺው ነይ። መንገዱን እንተወው፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጥቅምት ላይ ይሁን፣ ክረምቱ ወጥቶ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ። ቤቷ ደረጃ የላትም፤ ባጃጁ በር ላይ ያደርስሻል። ዱካው ዝቅ ስለሚል ለጉልበትሽ ከቤት ወንበር ይዤ እሄዳለሁ። ትንሹም ለእረፍት ከመጣ ከኛ ጋር ይቀመጥ፣ ሎሚውን እሱ ይጭመቅ፤ ለምዶበታል።

አንድ ነገር ግን አስቸኳይ ነው። ሴትዮዋ «እናትህ ጨዉን መቼ ነበር የምትነሰንሰው? ሳይጠበስ ነው ከተጠበሰ በኋላ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት አፈርኩ። ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ በተበጣው ውስጥ ውስጡን፣ ከሎሚ ጋር አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳልኳት እያደረገች ነው። እኔ ጣፍጦኛል፤ ግን አንድ ሁለት ደንበኛ «ዛሬ ጨው በዝቷል» ሲል ሰማሁ። ተሳስቼ ከሆነ ቶሎ ደውይልኝ፣ ከቅዳሜ በፊት።

ልጅሽ