የአባታቸው ወገን እስከ ሰባት ቤት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የልጆችሽን የእንግሊዛዊ አባታቸውን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረሽ ልታስይዣቸው መነሳትሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። እኛ ዘር የምንቆጥረው በቃል ነው፤ እዚያ ግን ተራው ሰው፣ የሰው እርሻ ሲቆፍር የኖረውም ቢሆን፣ መዝገብ ላይ አለ። ሰባት ቤት 200 ዓመት ያህል ስለሚሆን፣ የመንግሥት መዝገብ የተጀመረበትን 1837ን (ሁሉም በፈረንጆች ነው) አልፈሽ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ መግባትሽ አይቀርም።

ከምታውቂው ሰው ተነስተሽ አንድ ትውልድ ብቻ ወደ ኋላ ሂጂ። በልደት ሰርተፊኬቱ ላይ እናቲቱ ከጋብቻ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም ታገኛለሽ፤ በእሱ የወላጆቹን ጋብቻ ፈልጊ። ጋብቻው የሁለቱን አባቶች ስምና ሥራ ይዟል፤ የእናቶች ስም የተጨመረው ገና በ2021 ነው። ዕድሜው ላይ «ሙሉ ዕድሜ» ከተባለ 21 ዓመት ሞልቶታል ማለት ብቻ ነው፤ 50ም ሊሆን ይችላል። የልደት ማውጫው በየሦስት ወሩ የተከፈለ ነው፤ ለማስመዝገብም 42 ቀን ስለሚፈቀድ በዲሴምበር የተወለደውን በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ውስጥም ፈልጊው።

የሕዝብ ቆጠራው በየ10 ዓመቱ ነው። የ1841ዱን ብቻውን አትመኚው። ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜው ወደ ታች በአምስት በአምስት እንዲጠጋጋ ታዝዞ ስለነበር፣ 34 ዓመት የሆነው ሰው 30 ተብሎ ይገኛል። የትውልድ ቦታውም «እዚሁ ካውንቲ (እንደ እኛ አውራጃ ያለ ነው) ነው ወይስ አይደለም» ከሚል ብዙም አያልፍም። በ1851ዱ ግን የተወለደበት አጥቢያ በስሙ ተጽፏል፤ እሱን ያዢ። ሥራው ላይ «አግ ላብ» የሚል አጭር ጽሑፍ ካየሽ የእርሻ የቀን ሠራተኛ ማለት ነው። የ1931ዱ ተቃጥሏል፤ በ1941 ቆጠራ አልተካሄደም።

ስሙ ሲጠፋብሽ አትደንግጪ። ጸሐፊው የጻፈው የሰማውን ነው፤ ባለጉዳዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንበብ ስለማይችል አያርመውም። ሃሪስ የነበረው አሪስ ሆኖ ሊገባ ይችላል። እኛም ኃይሉን ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንጽፈው ታውቂያለሽ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። ከ1837 በፊት በአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ ስሙም ዓመቱም የገጠመ ሕፃን ሲያገኙ «ይኸው» ብለው ያቆማሉ። የቀብሩን መዝገብ ተመልከቺ! ሕፃኑ በሁለት ዓመቱ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ስሙም ኋላ ለተወለደው ወንድሙ ይሰጣል። ያን ጊዜ የምትቆጥሪው የሌላ ሰው ዘር ነው። ጥምቀት ልደት እንዳልሆነም አትርሺ፤ ሦስት አራት ልጆች ባንድ ቀን የሚጠመቁበት ጊዜ አለ።

ድሃ ከነበረ ደግሞ ይበልጥ ፈልጊው። በ1662ቱ ሕግ ችግረኛን የሚረዳው የገዛ አጥቢያው ስለነበር፣ ሰውየው ዳኞች ፊት ቀርቦ የት እንደተወለደ፣ ለማን ሙሉ ዓመት ተቀጥሮ እንዳገለገለ፣ መቼ እንዳገባ ቃሉን ይሰጣል። ይህ ቃል በካውንቲው ቤተ መዛግብት ከተረፈ፣ ተራ ሰው ስለ ራሱ የተናገረውን የምታገኚበት ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል።

የባለቤትሽን ቅድመ አያት የጋብቻ ሰርተፊኬት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ከታች ያሉትን ምስክሮች እንዳትቆርጪያቸው፤ ብዙ ጊዜ እህት ወይም ወንድም ናቸው።

እናትሽ